ከመክፈላችሁ በፊት ቁጠሩ፦ የቆዩ የሚና ጨዋታዎችንና መጽሔቶቻቸውን ለመሰብሰብ ዝርዝር መመሪያ

«ሙሉ ነው» ተብዬ የገዛሁት የዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ ሳጥን አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ክዳኑ ጭረት የለበትም። ቀለሙም አልደበዘዘም። ውስጡ ያለው የሕግ መጽሐፍ ንጹሕ ነው፤ የጀብዱ ቡክሌቱም (ለመጫወት የተዘጋጀ ታሪክ የያዘው) እንደ አዲስ ነው። ዳይሶቹ (እየተጣሉ ዕጣ የሚያወጡት ባለ ቁጥር ጠጠሮች) ግን የሚያብረቀርቁ፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። በ1977 ከዚያ ሳጥን ጋር ይመጣ የነበረው ዳይስ እንዲህ አልነበረም። ፕላስቲኩ ለስላሳ ስለነበረ በጨዋታ ብዛት ጠርዙ ያልቅና ይድቦለቦላል። ባለ ሃያ ፊቱም እስከ 20 አይቆጥርም፤ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፈውበታል። ሻጩ ሊያታልለኝ የፈለገ አይመስለኝም። ለእሱ ዳይስ ያው ዳይስ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልቆጥር ከፈልኩ።

የቆየ ጨዋታ ስትገዙ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ሳጥኑ ውስጥ ምን ምን መኖር እንደነበረበት ነው። የሽፋኑ ማማር ቀጥሎ ይመጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ያርፋል።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በወሬ የሚጫወቱት ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባ ወይም የጠፈር ነጋዴ። አንዱ «በሩን እሰብራለሁ» ካለ ዳይስ ይጣላል፣ ዳይሱ ይፈርዳል። ዕቃው ታዲያ መጽሐፍ፣ ካርታ፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። የተሠራውም እንዲያገለግል እንጂ እንዲቀመጥ አይደለም። ልጆች ካርታው ላይ ይሞነጫጭሩበታል፣ የገጸ ባሕርይ ቅጹን ቀደው ይሞሉታል፣ ዳይሱን ሶፋ ሥር ይጥሉታል። ሙሉ ሆኖ የተረፈው ጥቂት የሆነውም ለዚህ ነው።

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትሰበስቡ ወስኑ

«ሁሉንም» ማለት ውሳኔ አይደለም። ቤት ይሞላል፣ ኪስ ይራቆታል፣ ደስታውም ከሁለት ዓመት አያልፍም። ጠበብ ያለ ነገር ምረጡ። አንድ ጨዋታ ከነተከታዮቹ ሊሆን ይችላል። የአንድ አሳታሚ የተወሰኑ ዓመታት ሥራ ሊሆን ይችላል። የሽፋን ሥዕሎቹን የምትወዱለት አንድ ሠዓሊም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፣ መደርደሪያቸውም ከሁሉም ያምራል።

መጽሔት ላይ ደግሞ መጨረስ የሚቻል ነገር ምረጡ። ዘ ስትራቴጂክ ሪቪው 7 እትም ብቻ ነው። አውል ኤንድ ዊዝል 25 ነው። ኢማጅን ከ1983 እስከ 1985 ወጥቶ 30ኛው ቁጥር ላይ ቆመ። ድራገን ግን በወረቀት እስከ ቁጥር 359 ዘልቋል። ለጀማሪ 359 ቁጥር ማሳደድ እስር ቤት ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ ፈጽሞ ያልተከፈተ ሳጥን አትጀምሩ። ውዱ እሱ ነው፤ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ውስጡን አታዩት፣ አታነቡት፣ አትቆጥሩትም። በዚያ ላይ አሮጌ ሳጥን በአዲስ ላስቲክ መጠቅለል ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ ያልተከፈተ የተባለው ሁሉ ያልተከፈተ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ስሞቹንና ዘመኖቹን ልመዱ

ታሪኩን የማያውቅ ሰው ብርቁንና ተራውን አይለይም። ብዙ አይፈጅም፤ ዋና ዋናውን እነሆ።

ሁሉም የሚጀምረው በጥር 1974 ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስን ጻፉ። አሳታሚው ቲኤስአር የሚባል ገና የተቋቋመ ድርጅት ነበር፤ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጀኒቫ በምትባል ትንሽ ከተማ። የመጀመሪያው ሕትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነው። ሳጥኑ የእንጨት መልክ ባለው ወረቀት የተለበጠ፣ ላዩ ላይ ስሙ የተለጠፈበት፣ በእጅ የተገጣጠመ ነበር። ውስጡ ሦስት ትንንሽ ቡክሌቶችና ለማመሳከሪያ የሚሆኑ ልቅ ወረቀቶች አሉ። ከጥቂት ሕትመቶች በኋላ ሳጥኑ ነጭ ሆነ። ሰብሳቢዎች «ቡናማው» እና «ነጩ» የሚሉት ይህን ነው።

በዚያው መንገድ ሌሎች ተከተሉ። ኬን ሴንት አንድሬ በ1975 ተነልስ ኤንድ ትሮልስን አወጣ። በ1977 የማርክ ሚለር ትራቭለር መጣ፤ ጨዋታው ጠፈር ላይ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ጥቁር ቡክሌቶች ብቻ ናቸው፣ ጌጥ የሚባል ነገር የለውም። በእኔ ዓይን ከዚያ ዘመን ዲዛይኑ ያላረጀ እሱ ብቻ ነው። ኬኦሲየም በ1978 ሩንክዌስትን፣ በ1981 ደግሞ የሳንዲ ፒተርሰንን ኮል ኦቭ ክቱሉ አሳተመ። በትንንሽ ምስሎች የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ የነበረው ዋርሃመር የሚና ጨዋታ ሆኖ የወጣው በ1986 ነው።

የዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ መንገድ ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ለጀማሪ የሚሆነው ባለ ሳጥኑ ነው፤ የ1977ቱ፣ የ1981ዱ እና በ1983 የወጣው ታዋቂው ቀይ ሳጥን። ሁለተኛው ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የ«አድቫንስድ» መጻሕፍት ናቸው፤ የጭራቆቹ መጽሐፍ በ1977 መጨረሻ፣ የተጫዋቾቹ በ1978፣ የመሪው በ1979 ወጡ። ቲኤስአር በ1997 በዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ተገዛ። ብዙ ሰብሳቢ «የቆየ» የሚለው ከዚያ በፊት ያለውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሮጌ ሁሉ ብርቅ አይደለም። ቀይ ሳጥኑ በየቤቱ የገባ ነው። «ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» የሚባለው የጀብዱ ቡክሌት ከጀማሪዎች ሳጥን ጋር አብሮ ይሸጥ ስለነበረ በሽ በሽ ነው። ሻጭ «የ40 ዓመት ዕቃ ነው» ብሎ ቢያንቀጠቅጣችሁ አትደንግጡ። ዕድሜ ሌላ፣ ብርቅነት ሌላ።

ደረጃ 3፦ የስንተኛ ሕትመት እንደሆነ ለዩ

ሁለት መጽሐፍ ፊትና ኋላው አንድ ሆኖ ዋጋው ሰማይና ምድር የሚሆነው በሕትመቱ ነው። ስለዚህ ሽፋኑን አይታችሁ አትመኑ፤ ገልጣችሁ የመብት ገጹን (የቅጂ መብቱ የተጻፈበትን) አንብቡ። በብዙዎቹ ላይ ስንተኛ ሕትመት እንደሆነና በየትኛው ወር እንደታተመ ተጽፏል። የመጀመሪያው የመብት ዓመት ብቻ ከተጻፈ ግን ይጠንቀቃችሁ፤ ያ ዓመት በኋለኞቹ ሕትመቶች ላይም ሳይለወጥ ይቀራል። በ1978 የተመዘገበ መጽሐፍ ሁሉ በ1978 የታተመ አይደለም።

ቀጥሎ የአሳታሚውን ምልክት ተመልከቱ። የቲኤስአር አርማ በየጊዜው ተቀያይሯል። በ1970ዎቹ አጋማሽ እንሽላሊት መሳይ ፍጡር ነበር። ከዚያ ባለ ቆብ አስማተኛ ሆነ። በ1980 ገደማ የአስማተኛው ፊት ብቻ ቀረ። በኋላ ፊደሎቹ ብቻ የተሳለ ቅርጽ ያዙ። ይህን አንዴ ከለመዳችሁ በደብዛዛ ፎቶ ላይም ቢሆን ዘመኑን በግምት ትናገራላችሁ።

ሽፋንም ይረዳል። በ1978 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የጀብዱ ቡክሌቶች ሽፋናቸው በአንድ ቀለም ብቻ የታተመ ነው፤ ባለ ብዙ ቀለሙ በኋላ መጣ። የ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ሽፋን ላይ ሰዎች ከአንድ ግዙፍ ጣዖት ዓይን ላይ ዕንቁ ሲፈለቅቁ ይታያሉ። ከ1983 ጀምሮ ግን ሥዕሉ ተቀይሮ ጀርባው ብርቱካናማ ሆነ። ውስጡ ያው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ልዩነቱ ውስጥ ነው። በ1980 የወጣው የአማልክቱ መጽሐፍ መጀመሪያ ሲታተም 144 ገጽ ነበር። ከልብ ወለድ የተወሰዱ ሁለት ምዕራፎች ነበሩበት፤ የክቱሉና የሜልኒቦኔ። በኋላ ሁለቱም ወጡ፤ መጽሐፉ 128 ገጽ ሆነ። ሽፋኑ አልተለወጠም። ሰብሳቢ የሚፈልገው 144ቱን ነው፤ ሻጩ ካላወቀ በ128ቱ ዋጋ ሊሰጣችሁ ይችላል። የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ መጠየቅ ነው፤ አለቀ።

ከሁሉም ታሪኩ የሚያስገርመው ግን የ1981ዱ የጀብዱ ቡክሌት «ፓላስ ኦቭ ዘ ሲልቨር ፕሪንሰስ» ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ይዞ ታተመ፤ ድርጅቱ ውስጥ ሥዕሎቹን ያልወደደ ሰው ነበርና ሊከፋፈል ሲል ተሰብስቦ አብዛኛው እንዲወገድ ተደረገ። እንደገና ተጽፎ አረንጓዴ ሽፋን ይዞ ወጣ። አረንጓዴው በየቦታው አለ። ብርቱካናማውን ያገኘ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል።

የቲኤስአርን ሕትመቶች አንድ በአንድ ለመለየት «አካየም» የሚባል ሰብሳቢዎች በኢንተርኔት ያዘጋጁት ማመሳከሪያ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ መመልከት ልማድ ይሁናችሁ።

ደረጃ 4፦ ቁጠሩ

ዋናው ይህ ነው። አንድ ወረቀት ያዙና ሳጥኑ ሲሸጥ ውስጡ የነበረውን በዝርዝር ጻፉ። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሳጥኑ ጀርባ ላይ ታትሟል፤ ሻጩ ጀርባውን ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አንድ በአንድ፦ አለ፣ የለም፣ አለ ግን ተቀዷል።

የ1977ቱን ሳጥን ብንወስድ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያደናግር ታያላችሁ። መጀመሪያ የተሸጡት ውስጥ የሕግ መጽሐፍ፣ ዳይስ፣ የዋሻ ካርታ ቁርጥራጮችና የጭራቅና የሀብት ዝርዝር ወረቀቶች ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ ካርታውና ዝርዝሩ ወጥተው አንድ የጀብዱ ቡክሌት ገባ። በኋላ ያም በሌላ ቡክሌት ተተካ። ይባስ ብሎ በ1979 ገደማ ዳይስ እጥረት ሆነና ሳጥኑ ውስጥ ቁጥር የታተመባቸው የካርቶን ቁርጥራጮች ገቡ፤ ቆርጣችሁ፣ ኩባያ ውስጥ ከታችሁ፣ ሳታዩ ታወጣላችሁ። እንግዲህ ዳይስ የሌለው ሳጥን ጎደሎ ነው? እንደ ሕትመቱ ነው። ቁርጥራጮቹ ሳይቆረጡ ከተረፉ ከዳይሱ ይልቅ ብርቅ ናቸው። ደረጃ 3ን ሳታጠናቅቁ ደረጃ 4ን መሥራት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ሁልጊዜ የሚጠፉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ዳይስ፣ ዳይሱ ላይ ቁጥሩን ለመቀባት የሚሰጥ የሰም ከለር፣ ካርታ፣ ልቅ የማመሳከሪያ ወረቀት፣ ባዶ የገጸ ባሕርይ ቅጽ፣ የማስታወቂያ ካታሎግ። የሰም ከለሩ ነገር ይገርመኛል። ትንሽዬ ቁራጭ ነች፤ ግን እሷ የተገኘችበት ሳጥን ባለቤቱ በጥንቃቄ የያዘው ለመሆኑ ምስክር ናት።

የጀብዱ ቡክሌቶቹ ላይ ደግሞ ሽፋኑ ከመጽሐፉ ጋር አልተሰፋም። ልቅ ነው፤ ታጥፎ ቡክሌቱን ያቅፋል፣ ከውስጥ በኩል ካርታው በሰማያዊ ታትሟል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሽፋኑም ቡክሌቱም አለ ወይ? ሁለቱስ የአንድ ሕትመት ናቸው ወይ? የአንዱን ሽፋን ለሌላው ማልበስ የተለመደ ነው።

ቡክሌትን ስትቆጥሩ የገጽ ቁጥሩን ብቻ አትከተሉ። መሐሉ ላይ ክፈቱትና የስቴፕለር ሽቦው ጋ ተመልከቱ። ከሽቦው አጠገብ ቀጭን የወረቀት ጠርዝ ከቀረ አንድ ቅጠል ተቀዷል። አንድ ቅጠል ደግሞ በሌላ በኩል ወንድም አለው፤ ከፊት 3ኛው ገጽ ከወጣ ከኋላም አንድ ገጽ መላላቱ አይቀርም።

የጎደለውን በፎቶ ኮፒ መሙላት ለመጫወት ይበቃል። ለስብስብ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ፎቶ ኮፒ ካስገባችሁ ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፉበት፤ ነገ ከእናንተ የሚገዛ ሰው እንዳይሳሳት።

ደረጃ 5፦ መጽሔቱ የራሱ ጠባይ አለው

መጽሔት ሰዎች አንብበው የሚጥሉት ነገር ነው። ግን የዚህ ሙያ ታሪክ በትክክል የሚነበበው እዚያ ላይ ነው። ሕጎቹ ሲጨቃጨቁባቸው፣ ጭራቆቹ ገና ሲፈለሰፉ፣ አንባቢ ጋይጋክስን ሲሞግት ታያላችሁ። ማስታወቂያዎቹ ራሳቸው አንድ መጽሐፍ ናቸው።

ዘ ድራገን በሰኔ 1976 ጀመረ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ዘ ስትራቴጂክ ሪቪው ነው። ብሪታንያ ውስጥ ዋይት ድዋርፍ በ1977 አጋማሽ ወጣ። አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል ኢያን ሊቪንግስተንና ስቲቭ ጃክሰን አሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋይት ድዋርፍ ስለ ሁሉም ጨዋታ ይጽፍ ነበር። አንባቢዎች የፈለሰፏቸውን ጭራቆች የሚያወጣ ዓምድ ነበረው፤ ከዚያ ብዙዎቹ በ1981 በመጽሐፍ ታተሙ። ወደ 100ኛው ቁጥር ሲጠጋ ግን የራሱን ድርጅት ዕቃ ብቻ የሚያስተዋውቅ ሆነ። ለሚና ጨዋታ ሰብሳቢ ዋናው ቀደም ያለው ነው።

ከትልልቆቹ ሥር ደግሞ አንባቢዎች ራሳቸው የሚያባዟቸው ነበሩ። ሊ ጎልድ በ1975 የጀመረችው «አላረምስ ኤንድ ኤክስከርሽንስ» አንዱ ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ ጽሑፉን አዘጋጅቶ ይልካል፣ ሁሉም በአንድ ተጠርዞ ይከፋፈላል። ቅጂው ጥቂት፣ ወረቀቱም ተራ ስለነበረ ብዙው ጠፍቷል። ካገኛችሁ አትለፉት፤ ማንም አይፈልገውም ተብሎ በርካሽ ሲጣል አይቻለሁ።

መጽሔት ስትገዙ የምታዩት መሐሉን ነው። ብዙዎቹ መሐላቸው ላይ ተገንጥሎ የሚወጣ ነገር ነበራቸው፤ ፖስተር፣ ካርታ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ አንዳንዴም ሙሉ ጨዋታ። የድራገን ቁጥር 28 (ነሐሴ 1979) የቶም ዋምን «ዘ ኦውፉል ግሪን ቲንግስ ፍሮም አውተር ስፔስ» ይዞ ወጣ። ሰሌዳውና የሚቆረጡት መጫወቻዎች መሐሉ ላይ ናቸው። ታዲያ ልጁ ምን ያደርጋል? ቆርጦ ይጫወትበታል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ስለዚህ 28ን ስትገዙ «ሁኔታው ጥሩ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። «መሐሉ አለ? ተቆርጧል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማንበብ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ በ1999 የድራገን የመጀመሪያዎቹ 250 ቁጥሮች በሲዲ ወጥተዋል። እሱን ይዞ፣ በወረቀት የሚወዱትን ጥቂት ቁጥሮች ብቻ መግዛት ብልህነት ነው።

ደረጃ 6፦ ሁኔታውን ራሳችሁ ፍረዱ

ሻጮች «እንደ አዲስ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ» ይላሉ። በሰብሳቢዎች ቋንቋ «ጥሩ» ማለት ጥሩ አይደለም፤ የተገለገሉበት፣ ያረጀ፣ ግን የሚነበብ ማለት ነው። ቃሉን ትታችሁ ፎቶ ጠይቁ። አራቱን ጠርዞች፣ ጀርባውን፣ የስቴፕለሩን ሽቦ፣ የሳጥኑን አራት ማዕዘን። ሳጥን መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ማዕዘኑ ላይ ነው።

ሽታም ጠይቁ። አዎ፣ ሽታ። ፎቶ ሻጋታን ሊደብቅ ይችላል፣ አፍንጫ ግን አይደብቅም። «ምድር ቤት የቆየ ነው» ካላችሁ ተጠንቀቁ።

ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የቲኤስአር መጻሕፍት ባጠቃላይ እንደ ብረት ናቸው። ከእነሱ የ1985ቱ «አንኧርዝድ አርካና» ለየት ይላል፤ ጥርዙ ደካማ በመሆኑ ገጹ እየረገፈ ባለቤቱን ያሰለቸ ነው። እሱን ሲሆን መሐል መሐሉን ከፍቶ የሚያሳይ ፎቶ ሳታዩ አትክፈሉ።

ደረጃ 7፦ መፈለግና መደራደር

የኢንተርኔት ጨረታ ላይ የተጠየቀውን ዋጋ አትመልከቱ፤ የተሸጠበትን ተመልከቱ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። ሰው የፈለገውን ዋጋ መለጠፍ ይችላል፤ የከፈለ ሰው መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

ከሁሉ የሚያዋጣው ጥቅል ነው። አንድ ሰው ቤት ሲለቅ ወይም ልጅነቱን ሲያራግፍ አንድ ካርቶን ሙሉ በአንድ ላይ ይሸጣል። ውስጡ አሥራ አምስት ተራ ነገርና አንድ የምትፈልጉት ይኖራል። ትርፉን መልሳችሁ ትሸጣላችሁ ወይም ትለዋወጡበታላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ትራቭለር ያገኘሁት እንዲህ ነው፤ በማያስፈልጉኝ የሳይንስ መጽሔቶች ሥር ተቀብሮ።

ችኮላ ግን አያስፈልግም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዛሬ ያመለጣችሁ ቀይ ሳጥን በሚቀጥለው ወር ሌላ ቦታ ይመጣል። በእውነት የማይደገሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሻጩን ስታናግሩ ደግሞ ዕውቀት አታሳዩበት። ጥያቄ አብዙ፣ ትሕትና ጨምሩ፣ የሚጎድል ነገር ካገኛችሁ በግልጽ ንገሩት። አስተሻሸጉንም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሳጥኑ በሌላ ካርቶን ውስጥ፣ ዙሪያውን በወረቀት ተደግፎ፣ ውስጡ ያሉት ዳይሶች በተለየ ከረጢት። ያልታሰረ ዳይስ መንገዱን ሙሉ ሳጥኑን ከውስጥ ሲደበድብ ይደርሳል።

ደረጃ 8፦ በኋላ የተሠሩትን እወቁ

ብዙው ማጭበርበር አይደለም፤ አለማወቅ ነው። ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ2012 የ«አድቫንስድ» ዋና መጻሕፍትን፣ በ2013 ደግሞ የ1974ቱን ጨዋታ በእንጨት ሳጥን እንደገና አሳትሟል። ቆንጆ ናቸው፤ ለመጫወትም ይሆናሉ። ከአሮጌው ጋር ግን አይምታቱባችሁ። ፒዲኤፍ ገዝቶ ሲታዘዝ የሚታተም ቅጂ ማግኘትም ይቻላል፤ ይህም አንዳንዴ እንደ አሮጌ ይሸጣል።

ከተጠራጠራችሁ ማጉያ መነጽር ያዙ። በድሮው የማተሚያ ቤት የታተመ ሥዕል በተርታ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉት። የቤት ፕሪንተር የተበታተነ ነጠብጣብ ያደርጋል። የፊደሉን ጠርዝም ተመልከቱ፤ ከስካን የታተመ ፊደል ጠርዙ ይሻክራል። አሮጌ ሆኖ ሽቦው ፈጽሞ ያላደበዘዘ፣ ወረቀቱም ጠርዙ ላይ ያልገረጣ ቡክሌት ሁለተኛ መታየት አለበት።

ደረጃ 9፦ ሲደርሳችሁ

ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉት። ለብቻው አስቀምጡና ሻጋታና ብል እንዳለው እዩ። ሻጋታ ካለ ደረቅ ቦታ አድርቁት፤ ከዚያ ውጭ ወጥታችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ነፍሳት ካሉበት ላስቲክ ውስጥ አጥብቃችሁ አሽጉና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ አንድ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ፤ እንደታሸገ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ፣ አለበለዚያ ወረቀቱ ላይ ውሃ ይቋጥራል።

የዋጋ ስቲከር ነገር ላይ ቁስል አለብኝ። ሽፋኑ ላይ የነበረውን በጥፍሬ ልልጠው ስል ከሥሩ ያለውን ቀለም ይዞት መጣ፤ ድራጎኑ አሁን አንድ ክንፍ የለውም። ማንሳት ካለባችሁ በጸጉር ማድረቂያ ዝቅተኛ ሙቀት አለስልሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ነው። ባይነሳም ግድ የለም። የድሮ ሱቅ ስቲከር የዕቃው ታሪክ ነው።

በእርሳስ የተጻፈውንም ለማጥፋት አትቸኩሉ። ከ40 ዓመት በፊት አንድ ልጅ የጦረኛውን ስምና የቀረውን የሕይወት ነጥብ የጻፈበት ቅጽ ከባዶው ይልቅ ደስ ይለኛል። ይህ የእኔ ጠባይ ነው፤ ባዶውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው።

ፕላስተር ግን በፍጹም አትለጥፉ። ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ሲላቀቅ ነቁጡን ትቶ ይሄዳል። ላስቲክ ማሰሪያም እንዲሁ፤ ሲያረጅ ይቀልጥና ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል።

ደረጃ 10፦ አቀማመጥ

የወረቀት ጠላቶች ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን ናቸው። መጽሔቶቹ የታተሙበት ርካሽ ወረቀት ራሱ አሲድ አለው፤ ለዚያ ነው ሳይነካ እንኳ የሚቢጨው። ማቆም አይቻልም፣ ማዘግየት ግን ይቻላል። ቀዝቀዝ ያለ ክፍል፣ ከ30 እስከ 50 በመቶ እርጥበት፣ ፀሐይ የማይነካው መደርደሪያ። ኮርኒስ ሥርና ምድር ቤት አይሆንም።

ከረጢቱ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ከኋላው አሲድ የሌለው ካርቶን ይግባ። ፒቪሲ ከሆነ ግን ከጊዜ በኋላ ይላባል፣ የሽፋኑን ቀለም ይስባል። የድሮ የፎቶ አልበም ገጽ ላይ ፎቶ ተጣብቆ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ያ ነው።

መጽሔትን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከጎን ተደግፎ አቁሙ። ሳጥኖችን አጋድሙ፤ ከአራት አምስት በላይ አትደርቡ፣ የታችኛው ክዳን ይሰምጣል። ገጸ ባሕርያቱን ለማሳየት ጠረጴዛ ላይ የሚቆሙ ትንንሽ የእርሳስ (ሊድ) ብረት ምስሎች ካሏችሁ ደግሞ እንጨት መሳቢያ ውስጥ አታስገቡ። ከእንጨቱ የሚወጣው የአሲድ ትነት ብረቱን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። ሕፃናት በማይደርሱበትም ይሁኑ፣ መርዝ ነው።

ደረጃ 11፦ መዝገብ ያዙ

አንድ የኤክሴል ፋይል ይበቃል። ስም፣ ዓመት፣ ስንተኛ ሕትመት፣ የጎደለው፣ ሁኔታው፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ። «የጎደለው» የሚለው ዓምድ ከሁሉ ይጠቅማችኋል። ጥቅል ስትገዙ፣ ከሌላ ሰብሳቢ ጋር ስትለዋወጡ፣ አንድ ልቅ ካርታ ወይም ብቸኛ ሽፋን ሲያጋጥማችሁ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ታያላችሁ። ሁለት ጎደሎ ሳጥን አንድ ሙሉ ይወጣዋል፤ ሕትመታቸው አንድ ከሆነ።

የእያንዳንዱን ሳጥን ይዘት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከላይ ፎቶ አንሱና ፋይሉ ጋር አስቀምጡ። ልትሸጡ ብትፈልጉ ወይም አደጋ ቢደርስ ማስረጃችሁ እሱ ነው። የእኔ ፋይል ውስጥ ከዚያ የ1977 ሳጥን ጎን «ዳይስ፦ የለም» የሚል ተጽፏል። ባለፈው ሰሞን ከአንድ ጥቅል ውስጥ አራት ለስላሳ ዳይስ አገኘሁ፤ አንደኛው እስኪያስቅ ድረስ ኳስ ሆኗል። አሁን የሚፈለገው አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ስምንት ፊቱ።